በክሩዝ መርከብ የአባልነት ደረጃ ከፍ ለማለት፦ ከመጀመሪያው ቀብድ እስከ ዳይመንድ

ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞ፣ የሚያዘወትር ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። መርከቧ ላይ ሲሳፈሩ አንዳንዱ ሰልፍ ሳይጠብቅ ያልፋል። የአንዳንዱ ልብስ በነፃ ይታጠባል። አንዳንዱ ደግሞ በየቀኑ የተወሰነ መጠጥ ሳይከፍል ይጠጣል። እነዚህ ሰዎች የግድ ከሌላው የበለጠ ሀብታም አይደሉም። ከመካከላቸው መስኮት በሌለው ርካሽ ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) የሚያድሩ ብዙ ናቸው። የሚለዩት ኩባንያው ለደንበኞቹ የአባልነት ደረጃ ሲሰጥ ምን እንደሚቆጥር በማወቃቸውና ጉዟቸውን በዚያ ልክ በማቀዳቸው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ልንገራችሁ። ደረጃ ለመውጣት ብቻ ተብሎ የሚገዛ ጉዞ አያዋጣም። በሌላ በኩል ግን መሄዳችሁ ካልቀረ፣ በከፈላችሁበት ሌሊት የሚገባችሁን ነጥብ ጥሎ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚያሳይ ነው።

1. የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ለዩ

ኩባንያዎቹ ደንበኛን የሚመዝኑት በሦስት ነገር ነው፤ በሌሊት፣ በጉዞ ብዛት ወይም በወጣ ገንዘብ። ሁለቱን የሚያደባልቁም አሉ። ይህን ሳይለዩ ማቀድ አይቻልም። ለአንዱ ኩባንያ የሚያዋጣው ዘዴ ለሌላው ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ሮያል ካሪቢያን ሌሊት ከሚቆጥሩት ነው። ፕሮግራሙ ክራውን ኤንድ አንከር ሶሳይቲ ይባላል። በተራ ካቢን አንድ ሌሊት ማደር 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ስዊት (ሰፋ ያለ የቅንጦት ክፍል) ከሆነ 2። ብቻውን ተጉዞ የሁለት ሰው ዋጋ የሚከፍል ሰው ደግሞ በየሌሊቱ ተጨማሪ 1 ነጥብ ያገኛል። መጀመሪያ ጎልድ ይሆናሉ። ከዚያ በ30 ነጥብ ፕላቲነም፣ በ55 ኤመራልድ፣ በ80 ዳይመንድ፣ በ175 ዳይመንድ ፕላስ፣ በ700 ፒናክል ክለብ ይደረሳል። መስኮት በሌለው ካቢን ከሰው ጋር ተጋርቶ የሚጓዝ ሰው 700 ለመድረስ 700 ሌሊት ማደር አለበት። ያ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ የባሕር ላይ ኑሮ ነው። ብቻውን በስዊት የሚጓዝ ግን በሌሊት 3 ነጥብ ስለሚያገኝ በ234 ሌሊት ይደርሳል። ልዩነቱን አያችሁት?

ኖርዌጂያንም ሌሊት ቆጣሪ ነው። ላቲቲዩድስ በሚባለው ፕሮግራሙ ለአንድ ሌሊት 1 ነጥብ ይሰጣል። ስዊት ወይም ሄቨን በሚባለው ክፍል ለሚያድር 1 ይጨምራል። ለአባላት ብቻ በሚያወጣቸው ልዩ ጉዞዎች ለተመዘገበም ሌላ 1 ይጨምራል።

ሰለብሪቲ ሌሊቱን በካቢኑ ዓይነት ያባዛዋል። መስኮት የሌለው ወይም መስኮት ብቻ ያለው ካቢን በሌሊት 2 ነጥብ፣ በረንዳ ያለው 3፣ ኮንሲየርጅና አኳ ክላስ የሚባሉት ከፍ ያሉ የካቢን ዓይነቶች 5 ነጥብ ያስገኛሉ። ስዊቶች ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ኤሊት ለሚባለው ደረጃ 300 ነጥብ ያስፈልጋል። እንግዲህ አስሉት። መስኮት በሌለው ካቢን 150 ሌሊት፣ በበረንዳ 100 ሌሊት፣ በአኳ ክላስ 60 ሌሊት ማለት ነው።

ሆላንድ አሜሪካ ቀን ይቆጥራል፤ ደረጃዎቹም በኮከብ ይጠራሉ። 30 ቀን ለ2 ኮከብ፣ 75 ለ3፣ 200 ለ4፣ 500 ለ5 ኮከብ። ስዊት እጥፍ ይቆጠራል። መርከብ ላይ ከሚወጣ ገንዘብም በየ300 ዶላሩ አንድ ተጨማሪ ቀን ይታሰባል።

ዲዝኒ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እሱ የሚቆጥረው ጉዞ ነው። አንድ ጉዞ የጨረሰ ሲልቨር፣ 5 የጨረሰ ጎልድ፣ 10 የጨረሰ ፕላቲነም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ለ25 ጉዞ ፐርል የሚባል ደረጃ ተጨምሯል። የ3 ሌሊት ጉዞም የ14 ሌሊት ጉዞም እኩል አንድ ነው።

ፕሪንሰስ ሁለቱንም ያያል። ጉዞም ቀንም ይቆጥርና ቀድሞ የሞላውን ይወስዳል። ኤሊት ለመሆን 15 ጉዞ መጨረስ ወይም ከ150 ቀን በላይ ባሕር ላይ ማሳለፍ ነው። ስዊት የያዘ ወይም ለብቻው ሙሉ ካቢን የከፈለ ሰው አንድ ጉዞው ሁለት ተብሎ ይቆጠርለታል።

ኤምኤስሲ የያዛችሁትን የአገልግሎት ዓይነትና መርከብ ላይ የምታወጡትን ገንዘብ አደባልቆ ነጥብ ያሰላል።

ካርኒቫል ለረጅም ጊዜ ከሁሉ ቀላሉን ስሌት ይዞ ቆይቷል። ካቢኑ ምንም ይሁን ምን አንድ ሌሊት አንድ ነጥብ፤ በ25 ጎልድ፣ በ75 ፕላቲነም፣ በ200 ዳይመንድ። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ይህን ትቶ በወጣ ገንዘብ ወደሚቆጥር አዲስ አሠራር እንደሚሸጋገር አስታውቋል። በካርኒቫል የምትጓዙ ከሆነ የድሮ ጽሑፎችን አትመኑ። ከኩባንያው ገጽ ላይ ወቅታዊውን ደንብ አንብቡ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር ይህ ነው። ጉዞ ለሚቆጥር ኩባንያ አጫጭር ጉዞ ያዋጣል። በዲዝኒ 10 ጊዜ የ3 ሌሊት ጉዞ ያደረገ ሰው በ30 ሌሊት ፕላቲነም ይገባል። ሁልጊዜ የ7 ሌሊት የሚይዝ ሰው ግን እዚያው ለመድረስ 70 ሌሊት ይከፍላል። ሌሊት ለሚቆጥር ኩባንያ ግን አጭር ጉዞ ከንቱ ድካም ነው። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሻንጣ፣ ሰልፍ፣ ሁሉም ለ3 ነጥብ ብቻ!

2. የምትደርሱበትን ደረጃ ምረጡ

“ከፍ ማለት” ብቻውን ግብ አይሆንም። ደረጃዎቹ እኩል ጥቅም የላቸውም። አብዛኛው ፕሮግራም ታችኛዎቹ ደረጃዎች ላይ የሚሰጠው ትንሽ ነው። ትንሽ ቅናሽ፣ ትንሽ ስጦታ፣ ቀደም ብሎ መሳፈር። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጥቅሙ ድንገት ዘሎ ከፍ ይላል። የእናንተ ሥራ ያን ቦታ ማግኘት ነው።

በሮያል ካሪቢያን ያ ቦታ 80 ነጥብ፣ ዳይመንድ ነው። ፕላቲነምና ኤመራልድ የሚሰጡት ነገር ጉዞን አይለውጥም። ዳይመንድ ላይ ግን በየቀኑ 4 መጠጥ በነፃ ይፈቀዳል። በ7 ሌሊት ጉዞ ያ 28 መጠጥ ነው። የመጠጥ ፓኬጅ (ለጉዞው ሁሉ አንዴ የሚከፈልበት መጠጥ) ይገዛ የነበረ ሰው ፓኬጁን ሊተው ይችላል። ከዚያ ወደ ዳይመንድ ፕላስ ለመሄድ ተጨማሪ 95 ነጥብ ይጠይቃል። በየቀኑ የሚጨመረው ግን አንድ መጠጥ ነው፤ ከ4 ወደ 5። ሌሎች ጥቅሞችም ይታከሉበታል፤ ለእኔ ግን ያን ያህል ሌሊት የሚያስሮጡ አይደሉም። ለዚህ ነው ለብዙ ሰው ዳይመንድ ላይ መቆም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለጊዜ መተው የሚሻለው የምለው።

ብቻቸውን ለሚጓዙ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በሮያል ካሪቢያን 340 ነጥብ ላይ የደረሰ ብቸኛ ተጓዥ የሁለት ሰው ሙሉ ዋጋ መክፈሉ ይቀርለትና የአንድ ሰውን ዋጋ 150 በመቶ የሚከፍልበት ዕድል ይከፈትለታል። ብቻ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም። ወደ 340 በእጥፍ ነጥብ እየሄዱ መሆኑንም አስታውሱ።

ረጅም ጉዞ ለሚወድ ሰው ደግሞ የልብስ እጥበት ከመጠጥ ይበልጣል። በፕሪንሰስ ኤሊት የሆነ ሰው ልብሱ በነፃ ይታጠብለታል። ይህ ለ5 ቀን ጉዞ ምንም አይደለም። ለ20 ቀን ጉዞ ግን በአንድ ትንሽ ሻንጣ መሄድ ማለት ነው።

እንግዲህ ወረቀት ያዙ። የምታስቡትን ደረጃ ጥቅሞች ጻፉ። በየጥቅሙ ፊት ለፊት “ይህ ባይሰጠኝ ኖሮ ከኪሴ ስንት አወጣበት ነበር?” የሚለውን መልሱ። መልሱ “ምንም” ከሆነ ጥቅሙን ሰርዙት። አልኮል የማይጠጣ ሰው 4 መጠጥን በወይን ጠጅ ዋጋ ሳይሆን ራሱ በሚያዘው ቡናና ለስላሳ ዋጋ ያስላ። የቀረው ድምር የደረጃው እውነተኛ ዋጋ ነው። በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ ያለው ረጅም ዝርዝር አይደለም።

3. አንድ ኩባንያ ላይ ጽኑ፤ እህት ኩባንያዎችን ግን እወቁ

ነጥብን በአራት ኩባንያ የበተነ ሰው በአራቱም ታች ይቀራል። አንዱን ምረጡ። መመረጥ ያለበትም በደረጃው ሳይሆን በመስመሩ ነው። ከምትኖሩበት አቅራቢያ ካለ ወደብ የሚነሳ፣ ልትሄዱባቸው የምትፈልጉ ቦታዎች የሚደርስ፣ የምትስማሙበት መርከብ ያለው ማን ነው? ለነጥብ ብሎ የማይወዱት መርከብ ላይ 80 ሌሊት ማደር ይከብዳል።

ከዚያ የኩባንያውን ቤተሰብ ተመልከቱ። ሮያል ካሪቢያን፣ ሰለብሪቲና ሲልቨርሲ የአንድ ባለቤት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በአንዱ ያገኛችሁትን ደረጃ በሌሎቹም ያከብራሉ። በሮያል ዳይመንድ የሆነ ሰው በሰለብሪቲ ኤሊት ሆኖ ይስተናገዳል። ቀደም ብለን ያሰላነውን እዚህ ላይ አምጡት። ሰለብሪቲ ላይ መስኮት በሌለው ካቢን ኤሊት ለመሆን 150 ሌሊት ያስፈልጋል። በሮያል ተመሳሳይ ካቢን 80 ሌሊት አድሮ በዳይመንድ በኩል መግባት ይቻላል። ግማሽ ያህል መንገድ ነው! ደረጃው ይሻገራል እንጂ ነጥቡ ግን በራሱ ተደምሮ አይሻገርም። ስለዚህ የምትሰበስቡበት አንድ ዋና ቤት ይኑራችሁ።

አንድ ባለቤት ስላላቸው ብቻ ፕሮግራማቸው አንድ ነው ብላችሁ አታስቡ። ካርኒቫል፣ ፕሪንሰስና ሆላንድ አሜሪካ የአንድ ኮርፖሬሽን ናቸው፤ ፕሮግራማቸው ግን የየራሳቸው ነው።

ኤምኤስሲ በሌላ በኩል የሌሎች ድርጅቶችን ደረጃ አይቶ የራሱን ተመጣጣኝ ደረጃ በመስጠት ይታወቃል። እንዲህ ያለ ዕድል ካለ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ማመልከቻውም ከጉዞው በፊት ማለቅ አለበት። የኤምኤስሲ አባልነት ሳይጓዙበት ሦስት ዓመት ካለፈ እንደሚቋረጥም ያዙልኝ። በየአምስት ዓመቱ አንዴ ለሚጓዝ ሰው ይህ ብቻውን ምርጫ ይወስናል።

4. አካውንቱን በአንድ ስም፣ በአንድ ቁጥር ክፈቱ

ይህ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። የአባልነት አካውንት ስትከፍቱ ስማችሁን ልክ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ጻፉ። አንድ ፊደል ሲለወጥ ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው አድርጎ ይቆጥራችኋል። የጠፋ ነጥብ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሁለተኛ አካውንት ውስጥ ነው። ሁለት ቁጥር እንዳላችሁ ካወቃችሁ ደውላችሁ አዋህዱልኝ በሉ፤ ይዋሃዳል።

ሆቴል በደላላ ድረ ገጽ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ነጥብ ይቀራል። ክሩዝ ላይ እንዲህ አይደለም። በጉዞ ወኪል በኩል ብትገዙም ነጥቡ ይመዘገባል። ወኪሉ የአባልነት ቁጥራችሁን ማስገባቱን ብቻ ማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ እዩ። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። አንድ ድርጅት መላዋን መርከብ ተከራይቶ የሚያዘጋጀው ጉዞ ብዙ ጊዜ ነጥብ አያስገኝም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የባንክ ካርድ ነጥብ፣ የካዚኖ ነጥብና የደረጃ ነጥብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኩባንያው ስም ያለበት ክሬዲት ካርድ ቅናሽ ሊያስገኝላችሁ ይችላል። ደረጃችሁን ከፍ ያደርጋል ብላችሁ ግን አትውሰዱት።

5. የቤተሰቡን ሂሳብ አስተካክሉ

ብዙ ቤተሰብ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። በሮያል ካሪቢያን በአንድ አድራሻ የሚኖሩ ባልና ሚስት ወይም አጋሮች ከፍ ያለውን ደረጃ ይጋራሉ። ባል ከጋብቻ በፊት ብዙ ተጉዞ ዳይመንድ ከሆነ፣ ሚስት ከመጀመሪያ ጉዞዋ ጀምሮ ዳይመንድ ትሆናለች። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም የወላጆቻቸውን ደረጃ ይይዛሉ። ይህ ግን ሁልጊዜ በራሱ አይሆንም። ደውሎ ሁለቱን አካውንት ማያያዝ ያስፈልጋል። በሁለቱም ላይ ያለው አድራሻ አንድ መሆን አለበት።

ላይኛው ጫፍ ያሉ ደረጃዎች ላይ የመጋራት ደንቡ ይጠብቃል። በሌሎች ኩባንያዎችም ይለያያል። የእናንተን ፕሮግራም ደንብ ውስጥ “ቤተሰብ” ወይም “አንድ አድራሻ” የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ካቢን ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ያነሰ ይከፍላል። በሮያል ካሪቢያን ነጥቡን ግን እንደማንኛውም ተጓዥ ያገኛል። ልጆቻችሁ ገና በልጅነታቸው የራሳቸው ቁጥር ይኑራቸው። ያኔ የተጠራቀመው ሌሊት አድገው ለብቻቸው ሲጓዙ ይጠቅማቸዋል።

6. አንድ ነጥብ ስንት እንደሚያወጣ አስሉ

ጉዞ ስትመርጡ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አትዩ። ጠቅላላ ወጪውን ለሚገኘው ነጥብ አካፍሉ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዱልኝ።

በሮያል ካሪቢያን የ7 ሌሊት ጉዞ መስኮት በሌለው ካቢን ለአንድ ሰው 700 ዶላር ነው እንበል። 7 ነጥብ ያስገኛል። አንዱ ነጥብ 100 ዶላር ወጣበት። በዚያው መርከብ ጁኒየር ስዊት (አነስተኛው የስዊት ዓይነት) 1,250 ዶላር ቢሆን 14 ነጥብ ያስገኛል፤ አንዱ ነጥብ ወደ 89 ዶላር ወረደ። ትልቁ ክፍል በነጥብ ረከሰ ማለት ነው። ደንቡ ቀላል ነው። ስዊቱ ከተራው ካቢን እጥፍ በታች ሲሆን በነጥብ ያዋጣል፤ ከእጥፍ በላይ ሲሆን አያዋጣም። ስዊት ውስጥ የሚታሰበው ዕለታዊ ቲፕ ከፍ ስለሚል እሱንም ደምሩ። ግን ተጨማሪው 550 ዶላር ከኪሳችሁ የሚወጣ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ሰፊውን ክፍል ለራሱ ካልፈለጋችሁት ለነጥብ ብላችሁ አትውሰዱት።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ ለካቢኑ 1,400 ይከፍልና 14 ነጥብ ያገኛል። አንዱ ነጥብ ያው 100 ዶላር ነው። በዋጋ የተጎዳውን በነጥብ ያስመልሳል። በተራ ካቢን ብቻውን የሚጓዝ ሰው በ40 ሌሊት ዳይመንድ ይደርሳል። ብቻችሁን መጓዝ የምትወዱ ከሆነ ይህ የእናንተ መንገድ ነው።

አሁን የአውሮፕላን ትኬቱን ጨምሩበት። ትኬቱ 600 ዶላር ቢሆን፣ የ7 ሌሊቱ ጉዞ በድምሩ 1,300 ይመጣል፤ አንዱ ነጥብ ወደ 186 ዶላር ሄደ። በዚያው ትኬት 14 ሌሊት ብትቆዩ ድምሩ 2,000 ይሆናል፤ አንዱ ነጥብ ወደ 143 ወረደ። ሌሊት ለሚቆጥር ኩባንያ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ እዚህ ጋ ነው። አንዴ ከበረራችሁ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለት ጉዞን በአንድ መርከብ ላይ መደራረብ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ያበቃል፣ ሌላው ተሳፋሪ ይወርዳል፣ እናንተ ትቀጥላላችሁ። በተቻለ መጠን ለሁለቱም አንድ ካቢን ያዙ፤ ሻንጣ ከማዘዋወር ትድናላችሁ። ጉዞ የሚቆጥር ኩባንያ ከሆነ ሁለቱን በሁለት የተለያየ ማስያዣ ቁጥር መግዛት እንደሁለት ጉዞ ያስቆጥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኩባንያው ራሱ አገናኝቶ እንደ አንድ ረጅም ጉዞ የሸጠው አንድ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

አሜሪካ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ ተሳፋሪን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አንሥታ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ እንዳታወርድ ይከለክላል፤ በመሃል ራቅ ያለ የውጭ አገር ወደብ ካልነካች በስተቀር። የትልልቅ ክሩዝ መርከቦች አብዛኞቹ በውጭ ባንዲራ የተመዘገቡ ናቸው። ሁለቱ ጉዞዎች ለየብቻ ሕጋዊ ሆነው ሲደራረቡ ግን ሕጉን ሊጥሱ ይችላሉ። ከተለያየ የአሜሪካ ወደብ የሚነሳና የሚያበቃ ድርብ ጉዞ ካሰባችሁ አውሮፕላን ከመግዛታችሁ በፊት ኩባንያው ይፈቅድ እንደሆነ አረጋግጡ።

ሁለተኛው መንገድ መርከቦች የሥራ ቦታ ሲቀይሩ የሚያደርጉት ጉዞ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ብዙ መርከቦች ከካሪቢያን ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ። በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ይመለሳሉ። እነዚህ የአትላንቲክ ማቋረጫ ጉዞዎች ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሌሊት ይፈጃሉ። ወደብ የሚነካባቸው ቀናት ጥቂት ስለሆኑ የሌሊት ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ባሕሩን ብቻ እያዩ አምስት ስድስት ቀን ማሳለፍ የሚሰለቸው ሰው አይሞክረው። ለሚወደው ግን ከዚህ የሚሻል የነጥብ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። ምርጫ ካላችሁ በመኸር ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ውሰዱ። ሰዓት በየጥቂት ቀኑ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ እንቅልፍ ይተርፋል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ እንቅልፍ ይጎድላል፤ ሰው ይደክማል። የአንድ መንገድ የአውሮፕላን ትኬት አንዳንዴ ውድ ስለሚሆን እሱን ቀድማችሁ እዩት።

7. መርከቧ ላይ ሳላችሁ የሚሠራ ሥራ

በመጀመሪያው ቀን የካቢን ካርዳችሁን ወይም የኩባንያውን አፕ እዩ። ደረጃችሁ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። የተሳሳተ ከሆነ ያኔውኑ የአባላት ጉዳይ ሠራተኛዋ ጋ ሂዱ። ጉዞው ካበቃ በኋላ ያልተሰጠ ጥቅም አይመለስም።

የዚህ ጉዞ ነጥብ የሚገባው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው። 76 ነጥብ ይዞ የ7 ሌሊት ጉዞ የጀመረ ሰው በአምስተኛው ቀን ዳይመንድ አይሆንም፤ በሚቀጥለው ጉዞ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ትልቁን፣ ረጅሙን ጉዟችሁን ደረጃውን ካለፋችሁ በኋላ እንዲመጣ አድርጋችሁ አሰልፉት። መጀመሪያ አጭሩን ሄዳችሁ ወሰኑን ተሻገሩ። ጥቅሙን በረጅሙ ጉዞ ላይ ትበሉታላችሁ።

ቀጣዩን ጉዞ የሚሸጥ ዴስክ መርከቧ ላይ አለ። እዚያ ቀብድ ብታስይዙ ብዙ ጊዜ መርከብ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በስጦታ ይጨመራል። ወኪል ካላችሁ ማስያዣውን ወደ እሱ ማዛወር ይቻላል። በመጨረሻው ቀን ሰልፉ ረጅም ስለሚሆን ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ቀብዱ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ የሚለውንም ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

8. የደንቡን ለውጥ ተከታተሉ

ፕሮግራሞች ይለወጣሉ። “የዕድሜ ልክ” የተባለ ደረጃ እንኳ ስሙ ቀርቶ ጥቅሙ ሊሳሳ ይችላል። በዓመት አንዴ፣ በተለይም ትልቅ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ የኩባንያውን የአባልነት ደንብ እንደገና አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፤ የሚቆጠረው ነገር ተቀይሯል? ደረጃው የሚያልፍበት ቀን ተበጅቶለታል? የድሮ ነጥብ እንዴት ተተረጎመ? ለውጥ ሲታወጅና ሥራ ላይ ሲውል በመካከል ጊዜ ይኖራል። ከወሰኑ ትንሽ የቀራችሁ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ያቀዳችሁትን ጉዞ ወደዚያ ጊዜ ማምጣት ያዋጣ ይሆናል።

9. ነጥብ ሲጎድል

ከጉዞ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ አካውንታችሁን ክፈቱና ቁጥሩን አመሳክሩ። ስዊት ይዛችሁ ከነበረ እጥፉ መግባቱን፣ ብቻችሁን ከነበራችሁም ተጨማሪው መግባቱን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ተጨማሪው ነው።

ለዚህ ሲባል ከየጉዞው አራት ነገር አስቀምጡ፤ የማስያዣ ማረጋገጫውን፣ የመጨረሻውን የሂሳብ ዝርዝር፣ የካቢን ቁጥሩንና የካቢን ካርዱን ፎቶ። በስልካችሁ አንድ ፎልደር በቂ ነው።

ከጎደለ ለአባላት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቱ። አጭርና ግልጽ ይሁን። ለምሳሌ፦

“የአባልነት ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን በዚህች መርከብ 7 ሌሊት በጁኒየር ስዊት ተጉዣለሁ። የማስያዣ ቁጥሩ ይህ ነው። 14 ነጥብ ሊገባልኝ ሲገባ የገባው 7 ነው። ማረጋገጫውን አያይዣለሁ። ተስተካክሎ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።”

በስልክ ከሆነ የተናገራችሁትን ሰው ስምና የጉዳይ ቁጥሩን ጻፉ። ሁለት ሳምንት አልፎ መልስ ካልመጣ ያንኑ የጉዳይ ቁጥር ጠቅሳችሁ እንደገና ጻፉ። ሌላ ጉዞ ይዛችሁ ከሆነም ከመሳፈራችሁ በፊት እንዲያልቅ ወትውቱ፤ ደረጃችሁ በአዲሱ ካርድ ላይ የሚታየው አካውንቱ ላይ ያለው ቁጥር ሲስተካከል ነው።